ሮቤ ላይ ያልጠጣነው ወተት

ባለፈው እሑድ ልጄ ሠናይት ከሮቤ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ ቤት አግኝቻለሁ። ገና ቀለሙ ያልደረቀ፣ ለአንተም የሚሆን ክፍል ያለው። ደላላ የሚባል አላስገባሁም፤ ከባለቤቶቹ ጋር በቀጥታ ነው የምነጋገረው» አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ኩራት ከማን እንደወረሰችው አልጠፋኝም። ማክሰኞ ከጎባ መጥቼ ቤቱን እንድመለከትላት፣ ባለቤቶቹም ትልቅ ሰው ይዛ ብትመጣ ደስ እንደሚላቸው ነገረችኝ። ማክሰኞ የሚለውን ስሰማ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩት። «ላስብበት» ብዬ ዘጋሁ።

እኔም በሃያ ስድስት ዓመቴ ያለ ደላላ ቤት ልገዛ ተነሥቼ ነበር።

እናቴና እኔ ያን ጊዜ ጎባ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ ግቢ ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ተከራይታ ስለኖረች ለምዳዋለች ብዬ አስብ ነበር። አንድ ክረምት ግን በዚያው ግቢ የተከራየ ልብስ ሰፊ ሞተ። አከራያችን «ግቢዬ ውስጥ ድንኳን አይተከልም፤ ቤቱን ሰው ይሸሸዋል» አለች። ምን ይደረጋል፣ ድንኳኑ መንገድ ዳር፣ ቦዩ አጠገብ ተተከለ። የጎባን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለቀስተኛው ሦስት ቀን ሙሉ እግሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። እናቴ ከዚያ ተመልሳ ነጠላዋን እየጨመቀች፣ «ልጄ፣ ስሞት እኔን ከገዛ ደጄ አውጣኝ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ምንም ለምናኝ አታውቅም።

ሮቤ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነበር የምሠራው። አባ ከዲር የሚባሉ የሲናና ስንዴ ገበሬ ለይዞታ ወረቀት ሲመላለሱ ተዋወቅን። ለልጃቸው ሮቤ ዳር ቤት ሠርተውለት ልጁ አዳማ ቀርቶባቸው ኖሮ ሊሸጡት ፈልገዋል። እሳቸውም ደላላ እንደማይወዱ ሲነግሩኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሁለት ሰው በቋንቋ ከተግባባ መሃላቸው የሚቆም ሦስተኛ ሰው ምን ያደርጋል እል ነበር። ኦሮምኛን ከአማርኛ እኩል ነው የምናገረው። ይህ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተገናኝተን ተከራከርን። እሳቸው ዋጋውን በኩንታል ስንዴ ያስቡታል፣ እኔ በወር ደመወዝ፤ ስንዴው ሁልጊዜ ደመወዜን ያሸንፋል። በሦስተኛው ግን ሳቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «የቀረው እናትህ መጥታ ትየው። ሃዳ ከዲርም ትያችሁ» አሉኝ። ሃዳ ከዲር፣ የከዲር እናት ማለት ነው፣ ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ካልፈረሙ ውሉ ዋጋ የለውም።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን ሄድን። ከጎባ እስከ ሮቤ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ቢጫ መሆን ጀምሯል። እናቴ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ማሳውን እያየች ደረሰች። የጽጌን ጾም ይዛ ነበር። ይህ ጾም የፈቀደ የሚጾመው ስለሆነ እንኳን ሌላው፣ እኔ ልጇም አልጾመውም።

ቤቱ ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ የጽድ ምሰሶ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ ያልደረቀ የጭቃ ሽታ። እናቴ ግድግዳውንም ጣሪያውንም አላየችም። በሩ መሃል ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋችና መቃኑን በጣቶቿ ነካች። «ይበቃል» አለች። ሃዳ ከዲር ለቁም ሳጥን የለካች መስሏቸው ሳቁ። ቃሬዛ ይዞ የሚወጣ ሰው ስፋት እንደለካች የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ባዶው ክፍል ውስጥ ሰሌን ተነጠፈልን። «ኮታ፣ ታኣ፣ ኑ ተቀመጡ» አሉ ሃዳ ከዲር፣ እናቴን እጇን ይዘው። በወይራ የታጠነ ወተት ቀድተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። በእሳቸው ዘንድ ስምምነት የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ የገዢው ታላቅ ይጠጣል፣ ለሌላው ያቀብላል፣ ነገሩ አበቃ። እናቴ ኩባያውን ተቀብላ ያዘችውና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«ጾም ላይ ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ማክሰኞ ቀን የምን ጾም ነው ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ባለቀ ነገር መሃል ሃይማኖት ማንሣትም አስቀያሚ መስሎ ታየኝ። ኩባያውን ከእጇ ወስጄ ሰሌኑ ላይ አኖርኩና፣ «በልተን ነው የመጣነው፤ ጠግበናል» አልኩ። እኔስ መጠጣት እችል ነበር። እሷ ሳትጠጣ እኔ ብጠጣ መጠየፏ ይመስላል ብዬ እኔም ተውኩት። ብልጠቴ ይሄ ነው እንግዲህ።

ሃዳ ከዲር ኩባያውን ከሰሌኑ ላይ አነሡ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ማንም ቅር አይለውም ነበር፤ ባሌ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም የየራሱን እንደሚያርድ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ወተት ግን የሁላችንም ነው። ወተት እምቢ ያለ ሰው ሰውየውን እምቢ ብሏል።

እናቴ ከጠዋት ጀምራ እህል አልቀመሰችም ነበርና ስንወጣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝኩላት። በር ላይ ተቀምጣ ስትበላ ሃዳ ከዲር ባዶውን የወተት ዕቃ ይዘው በዚያ አለፉ። አይተውናል። ሰላምም አላሉን።

በሳምንቱ አባ ከዲር መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

«ሃዳ ከዲር አልፈርምም አለች» አሉ። «ቤቴን ሊወስዱ እጄን ተጠየፉ፣ ጠግበናል ብለው ገበያ ላይ በሉ ትላለች።»

«አባ ከዲር፣ እናቴ እኮ ጾም ላይ ነበረች» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጾም ከነበረች ለምን ጠግበናል አልክ?»

ሁለት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። ቤቱ ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ። ለእናቴ «የበለጠ የሚከፍል ተገኘ» ብዬ ነገርኳት። «ይሁን» አለች። ደግማ ስለ ቤት አላነሣችብኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይብስብኝ ነበር።

በተከታዩ ነሐሴ ሞተች። ድንኳኗ መንገድ ዳር፣ የልብስ ሰፊው በተተከለበት ቦታ ተተከለ። በሁለተኛው ቀን ሃዳ ከዲር ከሮቤ መጡ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጫማቸው ውኃ እያስገባ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ጎረቤቶቻችን እናቴን እያነሡ ጾሟን ይቆጥሩ ነበር፤ ዐቢዩን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ማንም የማይጾመውን ጽጌን ሳይቀር፣ ጥቅምቱን በሙሉ። ሃዳ ከዲር ጥቅምት የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን አቀረቀሩ። ሲሄዱ አጠገቤ ቆመው እጄን ያዙ።

«ብትነግረኝ ቆሎ እቆላላት ነበር» አሉኝ።

ይኸው ሽበቴም ወጥቶ ዛሬም ተከራይ ነኝ። ሠናይት ያገኘችው ቤት ዋጋውን ስሰማ እንደማይሆንልን አውቄአለሁ፤ የሷም ደመወዝ እንደ እኔው ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጽጌን እጾማለሁ፣ ይኸው ዘንድሮም ይዤዋለሁ፣ ምንም የሚመልስልኝ ነገር ባይኖርም። እሑድ ማታ መልሼ ደወልኩላት።

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኳት። «አባቴ ጾም ላይ ነው ብለሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ቆሎ ካላቸው ግን ይበላል በያቸው።»

«ለምንድነው ይሄ ሁሉ፣ አባዬ? ቤቱን ለማየት እኮ ነው።»

«ንገሪያቸው ብቻ» አልኳት። ሜትር ይዤ ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም፣ በሩን በእጄ እለካዋለሁ አልኳት።