ጀርባ የሌላት ማውካ ጎባ ስትገባ

ቅዳሜ ከሰዓት ጎባ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ፣ ስለማላውቃት ሴት ጀርባ ገጥሜ ጉድ ሆኜ መጣሁ። ልንገራችሁ።

የግጥም ዝግጅቱን የምትመራው ሐዊ ቀደም ብላ አስጠንቅቃኛለች። «ስማ፣ ሌላ ቀይ ቀበሮ ይዘህ ከመጣህ መድረኩን እርሳው» ብላኛለች። እውነቷን ነው። እኛ የባሌ ገጣሚዎች ግጥም ውስጥ ያለው ቀይ ቀበሮ ሳነቴ አምባ ላይ ካለው ይበዛል። በዚያ ላይ ጎባዎች እኛን የሮቤ ልጆችን፣ ሮቤ ስንዴ እንጂ ገጣሚ አታበቅልም እያሉ ያሙናል። ስለዚህ ሚኒባስ የተሳፈርኩት የከተማ ክብር ተሸክሜ ነው።

መድኃኒቱን ስልኬ ላይ አገኘሁት። የዛሬዎቹ የዩክሬን ገጣሚዎች የጥንት አፈ ታሪካቸውን... የመብረቁን አምላክ፣ የወንዝ ልጃገረዶችን፣ ማውካ የምትባለዋን የጫካ ቆንጆ... እየቀሰቀሱ ዘመናዊ የፍቅር ግጥም ውስጥ ያስገቧቸዋል የሚል ጽሑፍ። ግማሹን አነበብኩ። ለገጣሚ ግማሽ ይበቃል። ማውካን መረጥኩና፣ በእኛ አገር ሴት በምትወደስበት ወግ፣ ከጠጉሯ ጀምሬ በአንገቷ በኩል ወደ ታች ወረድኩ።

መድረክ ላይ ስለ ዩክሬኖች ቅድመ አያቶች፣ ስለ ጥንታዊ ስላቮች ነፍስ፣ ሕዝቡን ትንሽ ካደናገርኩ በኋላ፣ ድምፄን አወፍሬ ማሳረጊያዬን ለቀቅኩት፦

«ዞር በይ ማውካዬ፣ የጫካዋ እመቤት፣
ጀርባሽን ልይና ይራስልኝ አንጀት።»

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ሐዊ ሳትቀር አጨበጨበች።

ልማዱ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው መመረቅ ነው። ተራው የኦቦ ከድር ነበር። ጡረታ የወጡ የኮምባይነር መካኒክ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ተልከው ዩክሬን መኖራቸውን ከእኔ በቀር ጎባ ሁሉ ያውቃል።

እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ... መልሰው አጠፉት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ። «ልጄ፣ ማውካ እኮ ጀርባ የላትም።»

«እንዴት... የላትም?»

«ከፊት ስታያት ቆንጆ ናት። ዞር ስትል ከኋላ ክፍት ነች፤ ሳንባዋም አንጀቷም ይታያል። ጎረምሳ ጫካ አስገብታ፣ ኮርኩራ ኮርኩራ ነው የምትገድለው። አንተ ደግሞ ዙሪልኝ ትላታለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተንፈራፈረ። ሮቤ በቁሟ ስትቀበር ታየኝ። ሐዊን አየት ባደርግ፣ ፊቷን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፍናለች።

ኦቦ ከድር ግን አልሳቁም። ዩክሬን ሳሉ ለሥራ ልምምድ በወጡበት መንደር፣ ምግብ የምታበስልላቸው አንዲት ባልቴት እያስፈራራች ታወራላቸው እንደነበር፣ ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ ይህን ስም ከሰው አፍ ሰምተውት እንደማያውቁ፣ ዓይናቸው እያበራ ነገሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ አስተካክለህ በልልኝ። ስሟን ደግሜ ልስማው።»

ላቤ ጠብ እያለ እዚያው ቆሜ ገጣጠምኩ፦

«አትዙሪ ማውካዬ፣ ፊትሽ ይበቃኛል፣
ጀርባሽን ያየ ሰው መች ከጫካ ወጥቷል።»

ያሁኑ ጭብጨባ የፊተኛውን አስናቀ። ኦቦ ከድር እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «ፊቷን ያሳያችሁ፣ ከጀርባዋ ይሰውራችሁ» አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። የባሌ ሕዝብ ከዩክሬን ጫካ አደጋ በይፋ ተጠበቀ።

ስወርድ ሐዊ፣ ለሚቀጥለው ዝግጅት ስሜን እንደመዘገበች ነገረችኝ... ኦቦ ከድር ግጥሙን ቀድመው ካዩት ብቻ።

ከቅዳሜ ወዲህ፣ ግጥም ውስጥ የማስገባትን ቆንጆ ሁሉ መጀመሪያ ዞሬ ከኋላ አያታለሁ።