ለአጎቴ የሠራሁት ሹራብ

ሹራብ መሥራት የጀመርኩት ሙያ አምሮኝ አይደለም። በልጅነቴ እናቴ ልታስተምረኝ ስትለፋ ከእጇ እየሾለክሁ ነው ያደግኩት። መርፌ የያዝኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያውም ሰው ላለመግደል።

አባቴን ደም ግፊት ጥሎት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። በዚያው ሰሞን የእናቴን ዓይን ስኳር አደከመው። እኔ አምቦ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ ከዚያ መልስ ቤት ነኝ። ሁለቱ ደግሞ ቢስማሙ ምን ነበረበት! አንዱ ሬዲዮ ክፈቺ ሲል ሌላዋ ዝጊ ትላለች። አንዱ ሾርባው ጨው አነሰው ሲል ሌላዋ በዛ ትላለች። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብ እንደ ልማዳቸው ሲጀምሩ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰበርኩት። እናቴ ስብርባሪውን ጠርጌ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «ነይ እስቲ፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ዘንቢል ሳቢው» አለችኝ። ሁለት ረጃጅም መርፌዎችና የተጀመረ ሹራብ ነበረበት። «እጅሽ ሥራ ፈትቶ ነው ሳህን የሚሰብረው» አለች።

እንደዚያ ነው የተጀመረው። ክሩን የምናገኘው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሚከመረው ሰልባጅ ነበር። ያረጀ ሹራብ መርጬ ገዝቼ እመጣለሁ፣ እተረትረዋለሁ፣ ጥምዝምዙ እንዲለቅ ክሩን አጥቤ አሰጣለሁ። ሲደርቅ የአባቴን የማትታዘዝ ቀኝ እጅ ትራስ ላይ አስደግፌ ክሩን እሷ ላይ እጠመጥማለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ መንገድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ እጁ አካፋ የሚያህል ነበር። «ይቺ እጅ ጡረታ ከወጣች በኋላ ሥራ አገኘች» እያለ ይስቃል። የሠራሁትን ደግሞ እናቴ በጣቷ እየዳሰሰች ታርመኛለች። «እዚህ ጋ ዘለልሽ፤ እዚህ ጋ አጠበቅሽው፤ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?» ትለኛለች። የምጣላው ከእሷ ጋር እንደነበር ታውቃለች።

ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ደክሜ አላውቅም፣ እንደዚያ ጊዜም ልቤ አርፎ አያውቅም። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሦስታችንም በአንድ ክር ተያይዘን እንቀመጥ ነበር። አባቴ ክሩን ይዞ፣ እናቴ ድቡልቡሉን እየጠቀለለች፣ እኔ እየሠራሁ። ሬዲዮውን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አጎቴ ሞተ። የአባቴ ብቸኛ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ጌዶ ከብት እየነገደ የሚኖር፣ በወር አንዴ ቅቤ ይዞልን ብቅ የሚል ሰው። ወሬው የደረሰኝ ቢሮ ነው። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ አባቴ የአጎት ልጅ ሄድኩ። የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቃል በእኛ ዘመድ ውስጥ ሠርግም ለቅሶም አይደረግም። «ሐኪሙ እንዳይደነግጥ ብሏል አይደል?» አሉኝ። «ትንሽ ይሻለውና በወጉ ይረዳል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

መርዶ በእኛ ዘንድ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። የሚያለቅሰውን የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ለታመመ ደግሞ ይዘገይለታል። ይህን ሁሉ ሳውቅ ነው ያደግኩት፤ ተገቢ አይደለም ብዬ አላሰብኩም። ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ጥርሷን ነክሳ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ «ለሥልጠና ሸነን ልሄድ ነው» ብዬ ለአባቴ ነግሬው፣ ጌዶ ሄጄ አጎቴን ቀብሬ፣ ጥቁር ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ሸጉጬ ተመለስኩ። «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» አለኝ። «አሰልቺ» አልኩት።

ያኔ ስልክ በየጊዜው ይቋረጥ ነበርና ኔትወርኩ ለዋሾ የተሠራ ይመስል ነበር። አባቴ «ወንድሜ ምነው ጠፋ?» ባለ ቁጥር ኔትወርክ የለም እንለዋለን፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው እንለዋለን። ያምነን ነበር። ማመኑ ደግሞ ያመኝ ነበር። ቀና ብዬ እንዳላየው መርፌዬ ላይ አጎነብሳለሁ። ሹራብ የሚሠራ ሰው ዓይኑን ቢሰብር ማንም አይታዘበውም።

አንድ ቀን ጥቁር አረንጓዴ ክር ጀምሬ ሳለ፣ «ይሄን ለኦቦሌሳ ኮ፣ ለወንድሜ ሥሪለት» አለኝ። «የጌዶ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እሱ ደግሞ ጋቢ ካልሆነ ሌላ የሚያውቅ አይመስልም።»

ምን ልበል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ «ልኩን ከየት አመጣለሁ?» አልኩት።

«እኔን ለኪኝ። ደረታችን አንድ ነው። የቀረውን ለብሶ ይንገርሽ።»

አባቴን ለክቼ ለሞተው ወንድሙ ሹራብ ሠራሁ። እውነቱን ልናገር? ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዚያ የተዋጣልኝ የለም። እየሠራሁ የአጎቴን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ በየመስመሩ አለቀስኩለት ማለት ይቻላል፤ ደረቴ ቀለል አለልኝ። ማልቀሻ ያጣ ሰው አጠገቤ ክር ይዞልኝ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ግን ያኔ አላሰብኩትም። ሲያልቅ እናቴ አንገቱን፣ ደረቱን፣ እጅጌዎቹን ዳሰሰችና ምንም ሳትል መለሰችልኝ። እኔም ለጌዶ ሾፌር እሰጣለሁ ብዬ ወጥቼ የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በኋላ ለዘበኛችን ሰጠሁት።

ከሳምንት በኋላ አባቴ ጠየቀኝ።

«ደረሰው?»

«ደረሰው አባዬ። ሰው ልኮ አመስግኗል።»

«ለበሰው?»

«ለበሰው እንጂ። ልክክ አለ አሉ።»

«እጅጌውስ?»

«እሱም ልኩ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። መጥታ የለካችኝ ይመስላል ብሏል» አልኩ፤ ውሸቴን ማሳመሬ ነው። ውሸት ሲያምር ደግሞ አፍ ያስከፍታል፤ ሲስቅ፣ ሲመርቀኝ ሁሉ ጨመርኩበት።

አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ደግ» አለ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞርለት ጠየቀኝ። እንቅልፉ መጣ ብዬ አዞርኩትና መርፌዬን አነሳሁ።

በዚያው ቅዳሜ ጺሙን ልላጨው ውሃ አሙቄ ብመጣ «ዛሬ ተይኝ» አለ። በሚቀጥለውም «ተይኝ» አለ። አባቴ ጺሙ አንድ ቀን ቢውል የሚያሳክከው ሰው ነው፤ የበሽተኛ እልህ ያዘው ብዬ ተውኩት። ስለ ወንድሙም መጠየቁን ተወ። ረሳው ብዬ ደስ አለኝ። በሽታው ማስታወሱን ነካበት ብዬ እግዚአብሔርን እስከማመስገን ደርሻለሁ።

እናቴ ናት የነገረችኝ። ጓዳ ውስጥ ክር ስንጠቀልል፣ «አባትሽ ጺሙን ለምን እንደማያስነካሽ ገብቶሻል?» አለችኝ።

«እልህ ነዋ።»

«ለቅሶ ላይ ነው።»

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። አጎቴ በልጅነቱ ከፈረስ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጣሞ ጠገነውና እጁ አጭር ሆኖ ቀረ። ፈረሱ ላይ ያወጣው አባቴ ነው። በኋላም ኮት በገዛ ቁጥር ግራ እጅጌውን የምታሳጥርለት እናቴ ነበረች። እኔ አጎቴን ጋቢ ደርቦ እንጂ ስለማላየው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ልብ አላልኩም።

«አንቺ ሹራቡን ዳስሰሽው የለም እንዴ?» ጮህኩባት።

«ዳሰስኩት። እኩል ናቸው። የሞተ ሰው ሹራብ፣ ማን ሊለብሰው ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ አለቀሰች። «ያኔ ‹ሁለቱም ልክ ነው› ስትዪው ነው የገባው። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።»

ያኔውኑ ሄጄ ልንገረው አልኩ። እናቴ ክንዴን ያዘች። «ብቻችንን? አንድ ነገር ቢሆንብንስ? ገደሉት አንባልም?» ወደ ሽማግሌያችን ሮጥኩ። አውቋል፣ ጺሙን እያሳደገ ብቻውን ሐዘን ተቀምጧል አልኳቸው። ሳቁብኝ ማለት ይቀላል። «ቢያውቅማ ይጮህ ነበር። ወንድሙ እኮ ነው! በሽተኛ መላጨት ይሰለቸዋል፤ ሌላ አይደለም።» ደግሞም ሁዳዴ ገብቷል፤ በጾሙ አይሆንም፣ ፋሲካን ማበላሸትም ነውር ነው፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ሁላችንም ማልደን መጥተን እናረዳዋለን አሉኝ። ተናደድኩ። ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌ እሺ ይባላል።

ቤት ስገባ ከጎኑ ተቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ከሰዓት «ጌዶ ዘንቧል ይላሉ?» አለኝ።

«ዘንቧል አሉ።»

«ደግ ነው። አፈሩ ይረጋል» አለ። በደህናዋ ግራ እጁ ክሩን ያዝ አድርጎ ጠበቀኝ።

አሁንም ሌሊት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ተቀምጬ ትመጣብኛለች ያቺ ቅጽበት። በሩን ከፍቶልኝ ነበር። «አባዬ» ብዬ እጁን ብይዘው ይበቃ ነበር። መርዶ አያስፈልገውም፤ አውቆታል። የሚያስፈልገው አብሮት የሚያለቅስ ሰው ነው። እኔ ግን አጎንብሼ መስመሬን መቁጠር ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት። ክሩን ለቀቀልኝ። ሹራብ ባልይዝ ኖሮ ዓይኔን የት አደርገው ነበር? እንጃ። መርፌ መያዝ ሳልማር ያ ቀን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ፤ ያጽናናኝን ነገር መርገም ነው መሰለኝ ግን እመኛለሁ።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት ሽማግሌያችን በደስታ ተሞልተው መጡ። አባቴን ሲያዩ፣ «ምን ሆነሃል፣ ባሕታዊ መሰልክ እኮ! ፋሲካን እንዲህ ልትቀበለው ነው?» ብለው ሳቁ። ውሃ እንዳሞቅ አዘዙኝ። ሌላ ሰው አይነካህም፣ እኔ ራሴ ነኝ የምላጭህ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በፍቅር ነው፤ በምን እጠረጥራቸዋለሁ? እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየና ዓይኑን ጨፈነ፤ አገጩንም ቀና አደረገላቸው። ነጭና ጥቁር ጺሙ ሳሙናው ላይ እየተንሳፈፈ ሳህኑን ሞላው። እንባው ሲወርድ ሽማግሌው በፎጣ ጠረጉለትና፣ «ሳሙናው ገባበት፤ ውሃውን አቅርቢው እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። አቀረብኩት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ለቁርስ ላነቃው ስገባ አልፎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ የተቀጣጠሩበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

የጌዶ ዘመዶች በሚኒባስ ተጭነው መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ሙሾ አለቀሷቸው። ለአጎቴ በአምቦ የተለቀሰው ያኔ ነው። ሽማግሌያችን መሐል ቆመው ሕዝቡን ጸጥ አሰኙና፣ «ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ታድሏል» አሉ። «ምክራችን ከንቱ አልቀረም። ቤተሰቡ አፉን ጠብቆ፣ የወንድሙን ሞት ሳይሰማ፣ ልቡ ሳይሰበር ሄዷል። ይህን ያደረገ አምላክ ይመስገን።»

ድንኳኑ ሙሉ «ተመስገን» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኛ ዞሮ ጠበቀ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር፤ «ተመስገን» አለች። እኔም ተመስገን አልኩ።