ጀርባዬ በቴሌቪዥን

መርሳ ከተማ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ አይደለም። በአረማመዱ፣ በጃንጥላው፣ ሻሹን በሚያስርበት አኳኋን ከሩቅ ይለያል። እኔ ከባጃጅ ወድቄ እግሬ ከተሰበረ ወዲህ አነክሳለሁ፤ አንገቴ ላይ የምጠመጥማት ብርቱካናማ ሻርፕም ከስሜ ይልቅ ትታወቃለች። ሊቀርጸኝ ከትልቅ ከተማ የመጣው ጋዜጠኛ ይህን ከየት ይወቀው።

የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጋዜጠኛው ስለ ፅንስ ማቋረጥ ዘገባ ሊሠራ እንደመጣ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ይህን ጉዳይ ሲያነሳ «ሕገወጥ» የምትለዋን ቃል አይረሳም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጋ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ሰዓት ያልቅበታል። ሳይፈልጉ ያረገዙ ልጃገረዶች ይህንኑ ሰምተው እኛን ይፈራሉ፤ ሥር በጥብጣ ወደምታጠጣ ሴት ጓዳ ይሄዱና ደም እየፈሰሳቸው በቃሬዛ ይመጡልናል። የማይደርሱልንም አሉ። ስለዚህ ካሜራው ፊት ተቀምጬ አፌ እስኪደርቅ አስረዳሁ። የተደፈረች ሴት የፖሊስ ማስረጃ አምጪ አትባልም፣ ቃሏ ይበቃል፣ ክፍላችን ይኸውና፣ በሩ ክፍት ነው አልኩ። ጋዜጠኛው አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ፤ በጣም ጨዋ ልጅ ነበር።

ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና ቅር አለው። ብርሃን በዛበት። መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ግድግዳው በቅርቡ ተቀብቷል፣ መጋረጃው አበባ አለበት። ጨለም ያለ ክፍል የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የተሰባበሩ አልጋዎች የምንከምርበት መጋዘን አለን፤ እሱን ሳሳየው ፊቱ በራ። ለምስል ማሟያ ገዋኔን አውልቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ በአልጋዎቹ መሀል እንድራመድለት ለመነኝ። ፊቴ እንደማይታይ ደጋግሞ ቃል ገባልኝ። ተራመድኩ።

ዘገባው የቀረበ ዕለት ከባሌ ጋር ተቀምጠን አየን። ከተናገርኩት አንድም ቃል የለም። መጋዘናችን ግን አለ። የትዝታ ዜማ በሞላበት አገር ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ሙሾ እየተሰማ እኔ እያነከስኩ እሄዳለሁ፤ የሌላ ሴት ድምፅ በእኔ ጀርባ ምስል ላይ በልጅነቷ ፅንስ በማቋረጥ ስለሠራችው ስህተት ያለቅሳል። ጭንቅላቴን በጭጋግ ሸፍነውታል። ሻርፔ ግን ጥርት ብላ ትታያለች።

ባሌ ልጅነቴን የት እንዳሳለፍኩ እየሳቀ ጠየቀኝ። ገበያው ግን አልሳቀም። በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤቴ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው መጡና እጄን ያዙ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ መሐሪ ነው» አሉኝ።

እኔ እንዳልሆንኩ፣ ለምስል ብቻ እንደተራመድኩ አስረዳኋቸው። «እንዲያ በይ፣ እንዲያ ማለቱ ይሻልሻል» ብለው ብርቱካን ይልጡልኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ማስተባበል ሆነ። ማስተባበያ ማውጣት የቴሌቪዥኑ ሰዎች ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ለሻይ ቤቷም፣ ለባጃጅ ነጂውም፣ ወልድያ ለስብሰባ ስወጣ ሳይጠይቁኝም አወጣለሁ። ተናድጄ ነበር። ክፍላችን ባዶውን መዋል ሲጀምር ንዴቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠብኝ። ያንን መጋዘን ያየች ልጅ እኛን ሸሽታ የማን ጓዳ ትገባ ይሆን እያልኩ አበባማውን መጋረጃ ሳስተካክል እውላለሁ።

አንድ ጠዋት ከውርጌሳ በኩል የመጣች ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ድሮ ትምህርት ቤታቸው ክትባት ስሰጥ ታውቀኛለች፤ አሁን ወልድያ ኮሌጅ ትማራለች። ቤት ያከራያት ሰው ደፍሯት አርግዛለች። ይህን እስክትናገር ድረስ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሥር ወደምታጠጣዋ ሴት ልትሄድ ተነስታ እንደነበር፣ ቴሌቪዥኑን ካየች በኋላ ግን እንደተወችው ነገረችኝ።

ለካ ዘገባው አንድ ሰው አስተምሯል ብዬ ተገረምኩ። ምኑን ሰምታ እንደመጣች ጠየቅኋት።

«የሰማሁትስ አስፈራኝ» አለች ሻርፔን እያየች። «ግን እርስዎን በጀርባዎ አወቅሁዎት። በእርስዎም ደርሶ ከሆነ አይቆጡኝም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ማስተባበያው ምላሴ ላይ ነበር፤ ለከተማው ሁሉ ስደጋግመው ሸምድጄዋለሁ። ዋጥኩት። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁና ብርሃኑ ወዳለበት ወንበር ወሰድኳት።

«አልቆጣሽም» አልኳት። «ቃልሽ ይበቃል።»