ስምንት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ

«ሁለት ሰው የተሸከመው በሽተኛ ዘመድ የሌለው ነው የሚመስለው» አሉኝ የቃሬዛ ማኅበሩ ዳኛ፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ።

የተወለድኩበት የቸሃ መንደር መኪና የማይወጣው ዳገት ላይ ነው። በሽተኛ የሚወርደው በጎረቤት ትከሻ፣ በከባድ የእንጨት አልጋ፣ ስምንት ስምንት እየሆኑ ነው። እኔ ይዤላቸው የሄድኩት ደግሞ ሁለት ሰው የሚበቃው፣ ራሴ የሠራሁት ቀላል ቃሬዛ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ወልቂጤ በእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበር ተደራጅቼ ነበር። ወንዶቹ ያስገቡኝ ሴት ከሌለችበት የመሥሪያ ሼድ አይሰጥም ስለተባለ ነው፤ አልደበቁኝም። አንድ ሰሞን የፈጠራ ሥልጠና ተባለና ገባን። አሠልጣኙ ዘዴው አጭር ነው አለ፦ ዕቃውን በታትኑት፤ እያንዳንዱን ክፍል «አንተ ባትኖር ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣ አውጡት፤ የግድ ካስፈለገ ደጃችሁ በሚበቅል ነገር ተኩት። ወንዶቹ አንቀላፉ። እኔ ያንን የመንደሬን የበሽተኛ አልጋ በሐሳቤ በታተንኩት። እግሮቹ? ወጡ። ርብራቡ? በቃጫ መረብ፤ እንሰት ያለበት ቤት ቃጫ አያጣም። ወፍራሙ አጣና? በቀርከሃ። ሲበጠስ እዚያው ይጠገናል፣ ሲያረጅ ጓሮ ይበሰብሳል። ሠርቼ ስጨርስ በአንድ እጄ አንስቼ ነው ሚኒባስ ላይ ያስጫንኩት።

የምቸኩልበት ምክንያት ነበረኝ። የወንድሜ ሚስት እርጉዝ ናት። በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ተሸካሚዎቹ በየጥጉ እያሳረፉ ሲቀያየሩ መንገድ ላይ ወለደች። ልጁ አልተረፈም።

«አባባ፣ ሁለት ሰው ከበቃ ሌሎቹ እኮ እየሄዱ ይቀባበላሉ። ማሳረፍ የለም» አልኳቸው።

«ታዲያ የቀረው ቆሞ ይይ? ትከሻውን ላልሰጠ ሰው ነገ ማን ይደርስለታል?»

ከወልቂጤ አብሮኝ የመጣው የሥራ ማኅበራችን ሰብሳቢ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር «ልክ ብለዋል አባቴ፣ እናስተካክለዋለን» አለ።

ቡታጅራ ዕቃ ልገዛ ተልኬ ወደ ሼዱ ስመለስ ቃሬዛዬን የብረት ቱቦ ተበይዶበት፣ ጣውላ ተነጥፎበት፣ ዙሪያውን እጀታ ተቀጥሎለት፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። የቃጫ መረቤ በር ላይ እግር መጥረጊያ ሆኗል።

«አሁን ዕቃ መሰለ» አለ ሰብሳቢው፣ ጎኑን መታ መታ እያደረገ።

«አልጋውን እኮ ነው መልሰህ የሠራኸው! ያውም በብረት!»

«አቦ አትነጅሺኝ! የሠራሁት ደንበኛ ያለውን ነው።»

ያስረከብን ዕለት መሞከር አለበት ተባለ። «አንቺ በሽተኛ ሁኚልን፣ ፊትሽም እንደሆነ ጠቁሯል» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ተኛሁበት። ስምንቱ አነሡኝ። የቁልቁለቱ መንገድ ጠባብ ስለሆነ የጎኖቹ ተሸካሚዎች በየአጥሩ እየተፈተጉ፣ አንዱ ሌላውን እየረገጠ፣ ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ «አሳርፉ! አሳርፉ!» ተባለ።

«ይኼ ነው! ሰው ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚወርደው!» አሉ ዳኛው። ተጨበጨበ።

ወርጄ በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ነጠላሽን ልበሺ። ወልቂጤ እኔ ጋ ነው የምትወልጂው።»

«ወንድምሽ ሳይመጣ?»

«ሲመጣ ይከተለን። አንቺ በእግርሽ መሄድ እየቻልሽ እንውረድ።»

ገብታ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ተቀበልኳት። ሰዎቹ ቃሬዛውን ከበው ሲመራረቁ በአጠገባቸው አልፈን፣ ቀስ እያልን፣ ወደ መኪናው መንገድ ወረድን።