«አንቺ» አይበሉኝ

ጎረቤቴ ኳክ ማልሱን በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት እሁድ እሁድ ለውጭ አገር ሠራተኞች ኮሪያኛ ታስተምር ነበር። በልጅነቷ ሴኡል ውስጥ በአንድ የስፌት ፋብሪካ «ሰባት ቁጥር» እየተባለች ክር ስትቆርጥ ነው ያደገችው፤ ፊደል የቆጠረችውም ከሥራ በኋላ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቿን ሁሉ በስማቸው እየጠራች አንቱ ትላቸው ነበር።

አንድ እሁድ ቦፓ ጉንጯ አብጦ መጣች። ከካምቦዲያ መጥታ በአቶ ፒዮ የሰላጣ እርሻ የምትሠራ ሳቂታ ልጅ ነበረች።

«ቦፓ! ፊትዎን ምን ነካው?»

«ምሳ ደርሶ አለቃን ‹ና፣ ብላ› አልኩት። በጥፊ አጮለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አለቃን አንተ ብለሽ ታዲያ መርቆ እንዲያጎርስሽ ነው?» አላት ኔፓላዊው ዲፔንድራ።

«እሱ ሁልጊዜ ‹ነይ፣ ብይ› ነው የሚለኝ። ሌላውን ኮሪያኛ ከማን ልስማው?»

ሳቁ ቆመ። የዕለቱ ትምህርት «ይቅርታ አለቃ፣ ጠንክሬ እሠራለሁ» የሚል ነበር። ማልሱን መጽሐፉን ዘጋችው።

«እዚህ አገር አንቱ የሚላችሁ ማን ነው?»

«የባንኩ ማሽን» አለ ዲፔንድራ።

«ሰውስ? ለምን ይመስላችኋል?»

አንዱ ልጆች ስለሆንን ነው አለ፤ ሌላው ጥቁረታችን ነው አለ። ቦፓ ግን እንዲህ አለች፦ «እሱ ካልፈረመልኝ እርሻ መቀየር አልችልም። ይህንን ያውቃል። ለዚህ ነው።»

ከዚያ አንዱ ቃል ሲያወጣ ሌላው ሲያርም አንድ ዓረፍተ ነገር ሠሩ፦ «ይቅርታ አለቃ፣ እባክዎ ‹አንቺ› አይበሉኝ፤ ስሜ ቦፓ ነው።» ማልሱን አንቱታው እንዳይጎድል ተጨነቀች እንጂ ንግግሩ በልጅቷ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አላሰበችም።

ቦፓ በማግስቱ ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ተናገረችው። ፒዮ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ማነው ያስተማረሽ?» አለና ልብሷን ከምታድርበት ኮንቴይነር አውጥቶ ጭቃ ላይ ጣለው። ይህ አልበቃ ብሎት «ሠራተኛዬ ጠፍታለች» ብሎ አመለከተ። ጠፋች የተባለች ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች።

ማልሱን ቦፓን ቤቷ አስገባቻት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወዲያው ጠሯት።

«እህት ማልሱን፣ ሰዋስው ያስተምሩ ብለን ነበር። ፒዮ ወንድማችን ነው።»

«ያስተማርኩትማ ሰዋስው ነው። አንቱታ ሰዋስው አይደለም እንዴ?»

የምድር ቤቱ ቁልፍ ተቀየረ።

ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አብረው ሄዱ። ጸሐፊው ቀና ሳይል «አንቺ፣ ለምን ጠፋሽ?» አለ። ማልሱን ልትመልስለት ስትል ቦፓ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«አልጠፋሁም ጌታዬ። አባረሩኝ። ደግሞም መትተውኛል። እባክዎ ይጻፉልኝ።» አንዲት ቃል አላዛነፈችም።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ጻፈም። አብራት ሰላጣ ትለቅም የነበረች አንዲት አሮጊት ልብሷ ሲጣል ማየቷን ስለመሰከረች የፒዮ ክስ ተሰረዘ፤ ቦፓም ሌላ ቦታ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ለጥፊው ግን ምስክር ስላልተገኘ ማንም አልጠየቀውም። የተገኘላት ሥራ ሩቅ ደቡብ፣ አሳማ እርባታ ነበር።

ትምህርቱ በማልሱን ወጥ ቤት ውስጥ ቀጠለ። ብዙዎቹ ግን ፈርተው መምጣት አቆሙ። ዲፔንድራ እንኳን ዓይኗን ሳያይ፦ «መምህርት፣ የኮሪያኛ ቋንቋ ፈተናውን ብቻ ያስተምሩን። የምረዳት እናት አለችኝ» አላት። አልፈረደችበትም። ፈተናውን አስተማረችው።

አንድ ቀን እኔና ማልሱን ኪምቺ ለሚባለው የኮሪያ ኮምጣጣ ምግብ ራዲሽ የተባለውን ሥራሥር አብረን እየከተፍን ሳለ ቦፓ ደወለች።

«አዲሱ አለቃስ እንዴት ናቸው?»

«‹አንቺ› ይሉኛል።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ዝም አልኩ መምህርት። እስካሁን ዝም ነኝ። ልበላቸው ወይስ?»

ማልሱን ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምሳ በልተዋል?» ብቻ አለቻት።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች። «ይናገሩ ብላት ዳግም ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው። ዝም ይበሉ ብላት ደግሞ እኔ ምኗ ነኝ?»

ቢላዋዋን አንስቼ ሰጠኋት። ከተፋውን ቀጠልን።