ዳር የሌለው ነጠላ

ኤአይን፣ ያን ሥዕል የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጥለት ሥራልኝ ሲሉት መጀመሪያ የሚሠራው የሌላ አገር ጨርቅ ነው። «የኢትዮጵያ ጥለት» ብዬ በእንግሊዝኛ ብጽፍለት ደማቅ ብርቱካንማ ነገር ሠርቶ፣ መሐሉ ላይ አንበሳ ጎልቶ ሰጠኝ። ተናደድሁ። እኔ ደግሞ ስናደድ ሥራ አልተውም፣ እልህ ይይዘኛል። ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ እናቴ ቤት ተቀምጬ፣ መብራት ሲመጣ የሞላሁትን አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፌ፣ ኔትወርክ እስኪመለስ እየጠበቅሁ ከዚያ ማሽን ጋር ስጨቃጨቅ የከረምሁት በእልህ ነው።

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ተምሬ ተመርቄአለሁ። ሥራ ስላጣሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። አንድ የአዲስ አበባ ጨርቅ ነጋዴ፣ የክፍል ጓደኛዬ አገናኝታን፣ የሚታተም ጨርቅ ንድፍ በስልክ ያዝዘኝ ነበር። የሚፈልገው መጋጠሚያው የማይታይ ንድፍ ነው። አንዲት አራት ማዕዘን ሥዕል እሠራለሁ፤ ማተሚያው እሷኑ ጎን ለጎን፣ ላይና ታች እየደጋገመ ጨርቁን ይሞላዋል። የሥዕሏ ቀኝ ጫፍ ከግራው፣ ላይዋ ከታችዋ ካልገጠመ ግን በየክንዱ መስመር ይታያል። ኤአዩ ይገጥማል ብሎ ይሰጠኛል፤ አይገጥምም። ስለዚህ ሥዕሏን ለአራት ቆርጬ ቁራጮቹን በማዕዘን አቀያይራለሁ። ዳር የነበረው ወደ መሐል ሲመጣ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሱን ብቻ መርጬ እንደገና ሣለው እለዋለሁ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። የት ጀምሮ የት እንዳለቀ እኔ ራሴ ማወቅ ሲያቅተኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

ታላቄ ነው። ከወገዳ እህል እየጫነ ወደ ጋይንት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገዱ ሰላም ባልነበረበት ሰሞን አንድ ጠዋት ከወገዳ ተነሣ፤ ማታ አልገባም። መኪናው በሦስተኛው ቀን ተቃጥሎ ተገኘ። እሱ አልተገኘም። ውስጡ አጥንት አይተናል ያሉ ነበሩ፣ የለም ባዶ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ባዶ ነው ያሉትን አመንሁ።

በሁለተኛው ወር አጎቴ ከእስቴ መጣ። ገና ሲነጋጋ፣ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደጃችን ላይ ቆመ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ በእኛ አገር ሁሉም ያውቃል፤ መርዶ ነው። በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ።

«እናትሽን ቀስቅሻት» አለኝ።

«ሬሳ አይታችኋል?»

«ልጄ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ...»

«አይታችኋል ወይ ነው ያልሁት!»

«አላየንም። ግን ሰው ዝም ተብሎ አይቀርም። ይለቀስለት፤ ፍትሐቱም ይድረሰው።»

«ሬሳ ሳታዩ እናቴን ልታስለቅሱ አትገቡም። ሂዱ!»

ሽማግሌ በደጄ ቆሞ ሂዱ ማለቴ ዛሬም ያሸማቅቀኛል። እናቴ ከውስጥ ነቅታ ሁሉን ሰምታለች። አልወጣችም፣ ቃልም አልተነፈሰችም። ዝምታዋን እኔው ፈታሁት፤ ልጇ መሞቱን አላመነችም፣ አባቴም በሕይወት የለ፣ ከጎኗ የምቆምላት እኔ ነኝ አልሁ። አጎቴ ተቀይሞ ወደ እስቴ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ዓይን እናቴ ነጠላ ላይ አረፈ። ሐዘንተኛ ነጠላውን ያዘቅዝቃል፤ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ሥር ይውላል። ሰው ገና ከሩቅ አይቶ፣ ይቺ ሴት ሰው ሞቶባታል ይላል። የእናቴ ጥለት ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶቹ በዓይናቸው ይጠቃቀሳሉ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት አረጋዊው የንስሐ አባታችን እንኳ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ «የእናትሽ ነገር እንዴት ነው?» አሉኝ።

«እየጠበቀችው ነው አባ» አልኋቸው።

«እንግዲያስ እኛም እንጠብቃለና» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ነጋዴው አዲስ ሐሳብ ያመጣው በዚህ መሐል ነው። ጥለቱ ዳር ላይ ብቻ ሳይሆን ጨርቁን ሙሉ የሸፈነ፣ የሚታተም ነጠላ ፈለገ። የእናቴን የዓመት በዓል ነጠላ ዘርግቼ ጥለቱን ፎቶ አነሣሁና ለኤአዩ ሰጠሁት፤ ከዚህ ቀጥል አልሁት። መጀመሪያ የመስቀሉን ክንዶች አንዱን ረጅም አንዱን አጭር አደረጋቸው። አረምሁት። ከዚያ ቀለሙን አደበዘዘው። አረምሁት። ስንጥቁን ለማጥፋት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ጥለቱ መጨረሻ የለውም፤ በየትም አቅጣጫ ዝም ብሎ ይሄዳል። ነጋዴው ወዶት አንዱን ለናሙና አሳትሞ በአውቶቡስ ላከልኝ።

እናቴ ተቀብላኝ በጣቶቿ ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«ዳሩ የት አለ?»

«ዳር የለውም እኮ እማዬ። ሁሉም ጥለት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቶሎም ዓይኗን ከላዬ አላነሣችም።

«ራስሽ ነሽ ያሰብሽው?»

«ራሴ ነኛ!» አልሁ እየተኩራራሁ። ሐሳቡ የነጋዴው መሆኑን አላነሣሁላትም።

«እሺ» ብላ ለበሰችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ከላይዋ አልወረደም። ገበያ በእሱ፣ ቤተ ክርስቲያን በእሱ። የወደደችልኝ መስሎኝ ልቤ ሞቀ።

ወራት አልፈው የጎረቤታችን ባል ሞተ። ለቅሶ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ ሁሉ አዘቅዝቀዋል። አንዲት አሮጊት እናቴን አይተው ተነሡና ነጠላዋን ከትከሻዋ ያዙት።

«አዘቅዝቂ እንጂ! የሰው ሐዘን አይደለም እንዴ?»

ሊያዘቅዝቁላት ገለበጡት። ያው ነው። በሌላ በኩል አዞሩት። ያው ነው። ጫፉን ፈልገው ሳቡት፣ ደግሞ ገለበጡት። እናቴ እጇን ዘርግታ፣ ልብስ እንደሚያለብሱት ሕፃን ቆማለች። ሙሾ አውራጇ ሳትቀር ሙሾዋን አቋርጣ ታያለች።

«ኧረ ይሄ የምን ልብስ ነው?» አሉ አሮጊቷ። «የሠራው ሰው፣ ሰው የማይሞት መስሎታል?»

እናቴ እሳቸውን አላየቻቸውም። እኔን ነው ያየችኝ። እጇን ይዤ እየጎተትሁ ወጣሁ።

ቤት እስክንገባ አፌ አላረፈም። ምን አገባቸው፣ የሰው ልብስ የሚጎትቱት፣ ወንድሜ የመጣ ቀን ያፍራሉ አልሁ። እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ነጠላውን አውልቃ አጣጠፈችው።

«ወንድምሽ ሞቷል» አለች።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። መኪናው የተገኘ ቀን ነው ያወቅሁት። እሱ መኪናውን ጥሎ የሚሄድ ልጅ ነው? አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ታዲያ ለምን አላለቀስሽም?»

«አጎትሽን ከደጅ ስትመልሺው ሰማሁሽ። ይቺ ልጅ አልቻለችም አልሁ። አንዱን አጥቼ ያንቺን አእምሮ ደግሞ እንዳላጣ ፈራሁ። እስኪወጣላት ልጠብቃት ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ቆይተሽ ደግሞ ይሄን ሠርተሽ አመጣሽ። ዳር የሌለው፣ የማይዘቀዘቅ። ራሴ ነኝ ያሰብሁት አልሽኝ። አታዘቅዝቂብኝ ማለትሽ መሰለኝ።»

«እማዬ...»

«ላንቺ ብዬ ነው የለበስሁት።»

ምንም እንዳላሰብሁ፣ ነጋዴ እንዳዘዘኝ፣ ያን ሳምንት ሙሉ ከስንጥቁ በቀር ሌላ እንዳልታየኝ ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ምኑን ልንገራት? ጋይንት ተወልጄ፣ ነጠላ መዘቅዘቅ እንዳለበት ረስቼ ነጠላ ሠርቻለሁ። ይህ አንሶ ደግሞ እናቴ ለእኔ ስትል እንባዋን ይዛ፣ ልጇን ካለ ፍትሐት አስቀርታ ከርማለች። ራሴን ጠላሁት። እግሯ ሥር ወድቄ አለቀስሁ፤ እሷ ግን ያን ጊዜም አላለቀሰችም፣ ራሴን ትዳስሰኝ ነበር።

በማግስቱ እስቴ ደውዬ አጎቴን ይቅርታ ጠየቅሁት። አልወቀሰኝም። በሁለተኛው ቀን ሲነጋጋ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ፣ ከእነዚያው ሽማግሌዎች ጋር ደጃችን ላይ ቆመ። በሩን ከፍቼ ገለል አልሁ።

የእናቴ ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰማ። ስንት ጊዜ ታፍኖ የኖረ ነገር ነው። አሮጊቷ መጥተው የራሳቸውን ነጠላ አለበሷት፣ ጥለቱንም አንገቷ ሥር አስተካከሉላት። የወንድሜን ፎቶና ጃኬት አልጋው ላይ አደረግን፤ የንስሐ አባታችንም ከካህናቱ ጋር መጡ። የክርስትና ስሙን የረሱት መስሎኝ ጠጋ ብዬ ልነግራቸው ስል እጃቸውን አነሡ።

«አውቀዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «እስከ ትናንት ለመንገደኞች በሚጸለየው ጸሎት ነበር ስሙን የማነሣው።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፎቶው መልሰው ፍትሐቱን ጀመሩ።