ታንጎ በአቋቋም ቤት

ባለፈው ሰሞን የኦርኬስትራ ልምምድ ጨርሰን ቫዮሊኖቹ ወደ ሣጥናቸው ሲገቡ፣ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ታንጎን መጀመሪያ የት ለመዱት?» አለችኝ። «ላሊበላ፣ አቋቋም ስማር» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ብቻዬን እራቴን ስበላ ግን የተማሪ ቤት ጓደኛዬ አስማረ ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ ከትውልድ አገሬ ከኮን መጥቼ አቋቋም እማር ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ እሸከማለሁ። የሆቴሉ ባለቤት አንድ እንግዳ ትቶት የሄደውን የታንጎ ካሴት ቀኑን ሙሉ ያጫውቱ ነበር፤ ወይ ወደውታል፣ ወይ ሌላ ካሴት የላቸውም። ካሴቱ ላይ የሚሰማው አኮርዲዮን የሚመስል መሣሪያ ነው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይተነፍሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሻንጣውን እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ።

ጾም ነበር። በዓቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ በመቋሚያና በድምፅ ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ይዘመማል። ሁለት ረድፍ ሆነን ትይዩ እንቆማለን፤ አንዱ ወገን ያወረደውን ሌላው ይቀበላል። ከእኔ ትይዩ የሚቆመው አስማረ፣ የገነተ ማርያም ልጅ፣ ድምፁ ሁላችንንም ያስንቃል። መቋሚያችን ድንጋዩን ሲመታ እኔ ከሥሩ ያንን ወናፍ እሰማለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ለየኔታ አይነገርም። ለአስማረ ነገርኩትና ሆቴል ወስጄ አሰማሁት። ኪሱ ውስጥ የያዘውን የሽምብራ ቆሎ መቆርጠም ትቶ ሰማ።

«ኧረግ! ይኸ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» አለኝ።

እንግዶች ሲጨፍሩ አንድ ጊዜ አይቼ ስለነበር፣ ከተማሪ ቤቱ ጀርባ ወይራው ሥር የታንጎውን ጭፈራ አለማመድኩት። እኔ ወደ ፊት፣ እሱ ወደ ኋላ፣ በመካከላችን መቋሚያ። የኔታ ሳናስበው ብቅ አሉ።

«ምን እያረጋችሁ ነው?»

«ዝማሜ እየተለማመድን ነው፣ የኔታ» አልኩ።

«ዝማሜ ደሞ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»

አስማረ ሳቁን በነጠላው አፈነ። የኔታም ፊታቸውን ያዞሩት ለቁጣ አልነበረም።

አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዳለ ከሆቴል እንግዶች ሰምቼ ነበር። አብረን እንፈተን አልኩት፤ እሺ አለኝ። ያለ እሱ መሄድ በሐሳቤም አልነበረም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ገና ሲነጋጋ፣ አውቶቡሱ ጋ ቀድሜ ደረስኩ። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ሁሉ እርጥብ አፈር ይሸታል። አስማረ መጣ። ለእኔ በሶ ቋጥሯል፤ የራሱን ጓዝ ግን አልያዘም።

«ጓዝህስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «እኔ ዜማ ስሰማ እዚሁ ቁም ቁም ይለኛል። አንተን ደሞ ሂድ ሂድ ይልሃል። በል ሂድ፤ አልቀየምህም።»

እኔ ግን ተቀየምኩት። እስከ ጋሸና ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ፤ በሶውንም ሳልነካው ወልድያ ገባሁ። አዲስ አበባ ፈተናውን አለፍኩ፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም። በተከራየኋት ክፍል ግድግዳው ፊት ቆሜ በልማድ ዜማ አወርድና ዝም እላለሁ፤ ማንም አይቀበልም። ብቸኝነትን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ለኦርኬስትራ የምጽፈውን ታንጎ ሰዎች እንግዳ ነገር ነው ይሉታል። የቫዮሊኑ ቀስት እንጨት ክሩን ይመታል፤ መለከቶቹ ዜማ ሳያወጡ እንዲሁ ይተነፍሳሉ። ዘንድሮ አዲሱን ሥራዬን በስልኬ ይዤ ገነተ ማርያም ሄድኩ። አስማረ መሪጌታ ሆኗል፤ ጢሙ ሸብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ ተቀምጠን እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ያምራል» አለኝ። «ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። ማነው የሚቀበለው?»

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ ከወዲያ ረድፍ የሚቀበሉ ቫዮሊኖች ልጨምርበት ሞከርኩ። ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ። አንዱም የእሱን ድምፅ አላወጣልኝም። በመጨረሻ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ቀስታቸውን አንስተው ዝም ይላሉ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ አስማረን የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ።